ጡቴ ሲነሳ ኢምፕላንት ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ?

ደብዳቤው፦

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። 43 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ግራ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቶብኝ ሙሉ በሙሉ እንዲነሳ ተወስኗል፣ ቀጠሮዬ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ፕላስቲክ ሰርጀኗ በዚያው ኦፕራሲዮን ኢምፕላንት ልንጀምርልሽ እንችላለን አለችኝ። የምታስተረጉምልኝ የ15 ዓመት ልጄ ነበረች፤ መሃል ላይ ማልቀስ ስትጀምር እሺ እሺ ብዬ ወጣሁ። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ‹አንቺ ዕድሜሽን ለምኚ፣ ጡት ምን ይሠራልሻል› ትለኛለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ፕላስቲኩ ራሱ ካንሰር ያመጣል አለችኝ። ባለቤቴ ‹ለእኔ ምንም ለውጥ የለውም› ብሎ ዝም አለ። እኔ ግን ልብስ ስለብስ አንድ ጎኔ ጎድሎ እንዲታይ አልፈልግም፣ ይህን በማሰቤም አፍራለሁ። ነፍሴን ማትረፍ ሲገባኝ ስለ መልኬ ማሰቤ ኃጢአት ነው? ወጪውንስ እንዴት እችለዋለሁ? ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ስለ ኃጢአት ከጠየቅሽኝ ልጀምር። እሱ ካልተፈታ ሌላው ምክር ሁሉ ጆሮሽ አይገባም።

ኃጢአት አይደለም። በስኳር በሽታ እግሩ የተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ሲያስገጥም ለመልኩ ተጨነቀ የሚለው የለም። ጡት ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ነገሩ ቅንጦት የሚባለው። አንቺ ያልነበረሽን አልተመኘሽም፣ በሽታ ሊወስድብሽ ያለውን ነው የፈለግሽው። ለመዳን መታገልና ከዳንሽ በኋላ እንዴት እንደምትኖሪ ማሰብ ደግሞ አይጣሉም። መንፈሳዊው ጥያቄ እንቅልፍ ከነሳሽ ለሃይማኖት አባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው፣ ማፈሩን ግን ዛሬውኑ ተዪው።

ይህን ካልኩ በኋላ ሌላውን ጎንም ልንገርሽ። ኢምፕላንት፣ ማለትም በጡቱ ቦታ ከቆዳ ሥር የሚገባውን ሰው ሠራሽ ጡት፣ ማስገባት ግዴታሽ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የጡት ቀዶ ሐኪሟ ከፕላስቲክ ሰርጀኗ ጋር ታገናኝሻለች፣ ቀን ይያዛል፣ ወረቀት ይፈረማል፣ ነገሩ ከመፍጠኑ የተነሳ አንቺ ሳትወስኚ የተወሰነ ይመስልሻል። አልተወሰነም። ኢምፕላንት ከመንገዶቹ አንዱ ነው። ሌላው ከራስሽ ገላ፣ ብዙ ጊዜ ከሆድ፣ ቆዳና ስብ ወስዶ ጡት መሥራት ነው። ምንም ሳያስገቡ ደረትን አስተካክሎ መዝጋትም አለ፤ ስትፈልጊ ጡት መያዣሽ ውስጥ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጡት ታደርጊያለሽ፣ ሳትፈልጊ ትተዪዋለሽ፣ እንዲህ ሆነው ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ብዙ ሴቶች አሉ። በመጨረሻም አሁን ጡቱን አስነስቶ ስለ ቀሪው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ መወሰን ይቻላል። ይህን የመጨረሻውን ማንም በደንብ የነገረሽ አይመስለኝምና እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ ኢምፕላንቱ። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ተኝተሽ ስትነሺ ጡትሽ በቦታው ሆኖ የምታገኚው መስሎሻል። አንዳንዴ እንደዚያ ይሆናል፤ የሚቀረው ቆዳ በቂ ከሆነና ደም በደንብ የሚደርሰው ከሆነ ዋናውን ኢምፕላንት በዚያው ቀን ያስገቡታል። ሐኪምሽ «ልንጀምርልሽ እንችላለን» ያለችሽ ግን በሁለት ደረጃ ልትሠራው አስባ ይመስለኛል። መጀመሪያ ኤክስፓንደር የሚባል የሲሊኮን ከረጢት ከቆዳሽ ወይም ከደረት ጡንቻሽ ሥር ይቀመጣል። ቁስሉ ከጠገገ በኋላ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እየሄድሽ ታስሞይዋለሽ። ነርሷ ትንሽ ማግኔት ደረትሽ ላይ እያንሸራተተች መርፌው የሚገባበትን ቦታ ትፈልጋለች፣ በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለች፣ ከዚያ 50 ወይም 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ጨዋማ ውሃ ትጨምርበታለች። ቆዳው ስለደነዘዘ መርፌው ብዙም አይሰማሽም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ደረትሽን ወጥሮ ይይዝሻል፣ በጎን መተኛት ያስቸግርሻል። ቆዳው በቂ ሲለጠጥ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ኤክስፓንደሩ ይወጣና ዋናው ኢምፕላንት ይገባል። የጡትሽ ጫፍ ካልተረፈ እሱም ለብቻው ይሠራል ወይም በንቅሳት ይሳላል። ሁሉም ተደምሮ ዓመት ሊሞላው ይችላል።

በዚህ መሃል አገር ቤት ለመሄድ ቲኬት እንዳትቆርጪ። ደረትሽ ቢቀላ፣ ቢሞቅ ወይም ቢያተኩስሽ የምታስፈልግሽ ኦፕራሲዮን ያደረገችሽ ሐኪም ናት፣ በዚያው ቀን። ደግሞ አብዛኞቹ ኤክስፓንደሮች ውስጣቸው ማግኔት ስላለ ኤምአርአይ የሚባለውን በትልቅ ማግኔት የሚሠራ ምርመራ መነሳት አይቻልም። የሚሰጡሽን ካርድ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፣ ለሚያይሽ ሐኪም ሁሉ አሳዪ።

ዋናው ኢምፕላንት ሲሊኮን ጄል ወይም ጨዋማ ውሃ የሞላበት ነው፣ ሽፋኑ የሁለቱም ሲሊኮን ነው። ጄሉ ሲነካ ለስለስ ይላል፣ ወደ ተፈጥሮው ይቀርባል። ነገር ግን ቢቀደድ ላታውቂው ትችያለሽ፣ ውሃው ግን ቢፈስ ጡቱ ስለሚሟሽሽ ወዲያው ታይዋለሽ። ለዚህ ነው የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ሲሊኮን ጄል ያስገባች ሴት ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ እንድትታይ፣ ከዚያም በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ እንድትደግም የሚመክረው። ኢንሹራንስሽ ይህን ምርመራ ይሸፍን እንደሆነ ከወዲሁ ጠይቂ።

ኤፍዲኤ ሌላም ነገር በግልጽ ይላል፤ ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ አይደለም። በቆየ ቁጥር የመቀደድ ወይም የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። አንቺ ገና 43 ነሽ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥሽና 80 ብትደርሺ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደገና ኦፕራሲዮን ክፍል መግባትሽ አይቀርም ብለሽ አስቢ። ይህን እያወቅሽ «እሺ» ካልሽ ጥሩ፣ ሳታውቂው ግን እሺ አትበይ።

ችግሩንም አልደብቅሽም። በአሜሪካና በካናዳ 11 ማዕከላት ከ2 ሺህ በላይ ሴቶችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በኢምፕላንትም በራስ ገላም ጡት ካሠሩት ሴቶች ከሦስቷ አንዷ ገደማ የሆነ ችግር ገጥሟታል፣ ከአምስቷ አንዷ ገደማ እንደገና ኦፕራሲዮን ሆናለች። በኤክስፓንደር ከጀመሩት ከመቶ 7 ያህሉ ጭራሽ ሳይሳካላቸው ቀርቷል። ይህ እንግዲህ ጎበዝ ሐኪሞች ባሉበት ቦታ ነው። ኢንፌክሽን አለ፣ ቆዳው ሳይጠግግ መቅረት አለ። ከቆየ በኋላ ደግሞ ሰውነት በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሚሠራው ስስ ሽፋን እየጠነከረ ሄዶ ጡቱን ያጠጥረዋል፣ ወደ ላይ ይሰበስበዋል፣ አንዳንዴም ያማል። ሲጋራ የምታጨስ፣ ስኳሯ ከፍ ያለ ወይም ክብደቷ የበዛ ሴት ላይ አደጋው ይጨምራል። ስኳር ካለብሽ ከአሁኑ ማስተካከል ጀምሪ፣ አራት ሳምንት ቀላል ጊዜ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ጨረር ነው። እህቴ፣ ከዚህ መልስ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ይሄን ያዢ። ጡትሽ ከተነሳ በኋላ ጨረር የሚያስፈልግሽ ከሆነ ኢምፕላንቱ የመጠጠር፣ የመመርቀዝና የመውጣት ዕድሉ በግልጽ ከፍ ይላል። የራስሽ ገላ የተሠራበት ጡት ጨረርን ይበልጥ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ሐኪሞች ጨረሩ ካለቀ በኋላ ይሠሩታል። ጨረር ይኑር አይኑር የሚወስኑት ደግሞ ዕጢው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነና ብብትሽ ሥር ያሉት ንፍፊቶች ውስጥ መግባት አለመግባቱን አይተው ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ቁርጡ የሚታወቀው ኦፕራሲዮኑ ተደርጎ የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ኢምፕላንት ላስገባ አላስገባ መሆን የለበትም። «ጨረር ያስፈልገኛል ብላችሁ ትገምታላችሁ? መቼስ ነው የምታውቁት?» ነው መሆን ያለበት። ጥያቄውንም ለፕላስቲክ ሰርጀኗ ብቻ አትጠይቂ፣ ለካንሰር ሐኪምሽም ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ እኛ ሐበሾች ለዶክተር ጥያቄ ማብዛት ድፍረት ይመስለናል። እነሱ ግን የማትጠይቅ ታካሚ ሲያዩ የገባት ነው የሚመስላቸው።

ባልደረባሽ ያለችሽን በተመለከተ፣ ከመሬት ተነስታ አላወራችም፣ ግን ነገሩ ተቀላቅሎባታል። ኢምፕላንት የጡት ካንሰርሽ እንዲመለስ አያደርግም። ከተመለሰም እንዳይታይ አይሸፍነውም። ሐኪሞች እንዴት እንደሚፈልጉት ያውቃሉ። እሷ የሰማችው ምናልባት በኢምፕላንቱ ዙሪያ በሚፈጠረው ሽፋን ውስጥ አልፎ አልፎ ስለሚነሳ ሊምፎማ ይሆናል። እሱ የጡት ካንሰር አይደለም፣ የደም ሴሎች ካንሰር ነው፣ በጣም ጥቂት ሴቶች ላይ ነው የታየው፣ በአብዛኛውም ገጽታቸው ሻካራ ከሆኑ ኢምፕላንቶች ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ምክንያት አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉትን ሻካራ ኢምፕላንቶች በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. በኤፍዲኤ ጥያቄ ከገበያ ሰበሰበ። አንቺ ማድረግ ያለብሽ «የምታስገቢልኝ ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ?» ብሎ መጠየቅና የኢምፕላንቱን ስምና ቁጥር የያዘውን ካርድ ከፓስፖርትሽ ጋር ማስቀመጥ ነው። ከዓመታት በኋላ ያ ጡት ድንገት ቢያብጥ ዝም ብለሽ አትቀመጪ፣ ታዪ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ኤፍዲኤ ሐኪሟ እነዚህን አደጋዎች የዘረዘረ የማረጋገጫ ወረቀት ከታካሚዋ ጋር እንድታነብ አዟል። በአማርኛ እስኪነበብልሽ አትፈርሚ።

ማንም የማይነግርሽን አንድ ነገር ልንገርሽ። አዲሱ ጡት በልብስ ሲታይ ጥሩ ይሆናል፣ ስትነኪው ግን በአብዛኛው አይሰማሽም። ነርቮቹ ከጡቱ ጋር ስለሚቆረጡ ቆዳው ይደነዝዛል፣ በብርድ ጊዜም ቅዝቅዝ ይላል። ባልሽ ቢነካሽ ላይሰማሽ ይችላል። ይህን ቀድመው ያልተነገራቸው ሴቶች በኋላ በጣም ያዝናሉ፣ ስለዚህ አሁን እወቂው። አደጋም አለው። ሙቅ ውሃ የሞላ ላስቲክ ወይም ማሞቂያ ደረትሽ ላይ አስቀምጠሽ እንቅልፍ ቢወስድሽ ሳታውቂው ልትቃጠዪ ትችያለሽ።

ለእኛ ለጥቁር ሴቶች ተለይቶ መነሳት ያለበት ጠባሳ ነው። ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ክትባት ስትወጊ ቦታው አብጦና ጠንክሮ የቀረ ከሆነ ኪሎይድ የሚያወጣ ቆዳ አለሽ ማለት ነውና ለሐኪሟ አሳዪያት። የሠራቻቸውን ሴቶች ፎቶ ስታሳይሽም እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸውን እንድታሳይሽ ጠይቂ። ጠባሳው፣ የጡት ጫፉ ንቅሳት ቀለም፣ ሁሉም በነጭ ቆዳ ላይ ከሚታየው ይለያል። ሌላው፣ ብዙ ሐኪሞች ኢምፕላንቱን ደግፎ የሚይዝ ከቆዳ የተሠራ ስስ ሽፋን ይጠቀማሉ። ሽፋኑ ከሞተ ሰው ከተለገሰ ቆዳ፣ ወይም ከከብት፣ ወይም ከአሳማ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ክርስቲያንም ሁኚ ሙስሊም፣ ይህ ኅሊናሽን የሚነካ ከሆነ ከምን እንደተሠራ ቀድመሽ ጠይቂ፣ ሌላ አማራጭም ጠይቂ። ሐኪሟ አትቀየምሽም።

ወጪውን በተመለከተ ብዙዎቻችን የማናውቀው ሕግ አለ። አሜሪካ ውስጥ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የሴቶች ጤናና የካንሰር መብቶች ሕግ፣ ጡት ማንሳትን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ጡቱን መልሶ መሥራትንም በየደረጃው እንዲሸፍን ያስገድዳል። የቀኝ ጡትሽን ከአዲሱ ጋር ለማመጣጠን የሚደረገውን ኦፕራሲዮን፣ ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባውን ሰው ሠራሽ ጡት፣ የክንድ እብጠትን ጨምሮ በኋላ ለሚመጣ ችግር የሚደረገውን ሕክምናም ይጨምራል። ዓመታት ቆይተሽ ብትወስኚም መብቱ አይጠፋም፣ በወቅቱ የያዝሽው ኢንሹራንስ ጡት ማንሳትን የሚሸፍን እስከሆነ ድረስ። ከኪስሽ የምትከፍዪው ድርሻ ግን እንደ ሌላው ሕክምና ሁሉ ይኖራል። ሕጉ የማይመለከታቸው አንዳንድ የመንግሥትና የሃይማኖት ድርጅቶች ኢንሹራንስ አሉ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው ሜዲኬይድ ከሆነም ደንቡ ሌላ ነው። ካርድሽ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ደውለሽ አረጋግጪ፣ ያነጋገረሽን ሰው ስምና ቀኑን ጻፊ።

ሥራሽ ደግሞ ያሳስበኛል። አንቺ አረጋውያንን ከአልጋ የምታነሺ ሴት ነሽ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከበድ ያለ ነገር ማንሳት፣ መግፋት፣ መሳብ የለም። የሊጥ ባልዲ ማንሳትም የለም፣ እንጀራውን ለጊዜው ግዢ። ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ሲመጣ ደግሞ ሌላ እረፍት አለ። ለሐኪሟ «ነርስ ረዳት ነኝ» ብቻ አትበያት፣ በቀን ስንት ሰው እንደምታነሺ ንገሪያት፤ ኢምፕላንቱ ከጡንቻ በላይ ይሁን በታች የሚለው ምርጫ ላይ ለውጥ ያመጣል፣ ምክንያቱም ከጡንቻ ሥር ከገባ በክንድሽ ኃይል ስትጠቀሚ ጡቱ አብሮ ሊንቀሳቀስ ይችላል። መሥሪያ ቤትሽ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለውና ዓመት ከሞላሽ፣ በዓመቱም ቢያንስ 1,250 ሰዓት ከሠራሽ፣ በፌደራል ሕግ እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ግን ሥራሽ ሳይነካ ማረፍ ትችያለሽ። የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ብቻ አይተሽ ሁሉንም ሳምንት አትጨርሺው።

አሁን ወደ ቤትሽ ልግባ። ልጅሽን ከማስተርጎም አውጫት። የ15 ዓመት ልጅ የእናቷን ጡት መቆረጥ በራሷ አፍ ለእናቷ ልትነግር አይገባም፣ አንቺም እሷ ስታለቅስ መጠየቅ ያለብሽን ሳትጠይቂ ነው የወጣሽው። የፌደራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፣ ልጆችን ከድንገተኛ ሁኔታ ውጪ ማስተርጎምም ሕጉ ይከለክላል። ቀጠሮ ስታስይዢ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በይ፣ ይበቃል። በአካል ካልተገኘ በስልክ ወይም በቪዲዮ ያገናኙሻል። ሐበሻው ማኅበረሰብ ጠባብ ነው፣ ወሬው ይወጣል ብለሽ ከፈራሽ ደግሞ በስልክ ይሁንልኝ ብለሽ ጠይቂ። አስተርጓሚውም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ባለቤትሽን አትቀየሚው። «ለእኔ ምንም ለውጥ የለውም» ሲል አንቺ የሰማሽው ግድ የለኝም የሚል ነው። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ የመሰለኝ ፈርቶ የሚለው የጠፋበት ሰው ነው። የሚለው ከጠፋበት የሚሠራው ነገር ስጪው። ከኦፕራሲዮኑ ስትወጪ ከጎንሽ ቀጭን ቱቦ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ የእጅ ቦምብ የምታህል የፕላስቲክ ኳስ አለች፣ ድሬን ይሏታል። እሷ ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መድፋት፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ መጻፍ፣ ቱቦው እንዳይደፈን በጣት ጨመቅ አድርጎ ወደ ታች ማውረድ ያስፈልጋል። መጠኑ ሲቀንስ፣ ብዙ ቦታ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን፣ ያወጡልሻል። ይህ እስከ ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ይህ ሥራ የእሱ ይሁን። ከመውጣትሽ በፊት ነርሷ እሱን ታሳየው፣ ደብተሩንም እሱ ይያዝ። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሰፊ ሸሚዝም ሁለት ሦስት ይግዛልሽ፣ ክንድሽን አንስተሽ ከላይ የሚጠለቅ ልብስ መልበስ ለጊዜው አትችይም።

ጠያቂ ይመጣል። ደስ ይላል፣ ግን ቱቦው እስኪወጣ ድረስ ቀንሺው። ወገኖቻችን በፍቅር ጥብቅ አድርገው ነው የሚያቅፉት፣ ትከሻ ለትከሻ የሚጋጨውም አለ፣ ጉንፋን ይዞት ሦስቴ የሚስመውም አለ። ልጅሽ ወይም ባልሽ በር ላይ «ሐኪም መታቀፍ ከልክሏል» ይበሉ። ጸበሉንም ቁስሉና ቱቦው እስኪደርቅ ድረስ መጠጣቱ ይብቃሽ፣ ደረትሽ ላይ አይፍሰስ። ጾም ላይ ከሆነም ቁስል ለመዳን ፕሮቲን ይፈልጋልና ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ታማሚ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም።

እህትሽ ክፉ አስባ አይደለም። አገር ቤት የጡት ካንሰር ሴቶቻችንን በብዛት ከሚያጠቁት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፣ ብዙዎቹ ሕክምና ጋ የሚደርሱት ከረፈደ በኋላ ነው፣ የጨረር ወረፋውም ረጅም ነው። እዚያ ያለች ሴት ጡት መልሶ ስለማሠራት ለማሰብ እንኳ ፋታ አታገኝም። እሷ የምታየው ያንን ነው። «ሕይወቴን ማትረፉ መጀመሪያ ነው፣ ሐኪሞቼም ያንን ነው የሚያስቀድሙት፣ ይሄኛው ከዚያ ቀጥሎ ነው» በያት። ዝርዝሩን መንገር ከፈለግሽ ንገሪያት፣ ካልፈለግሽ ደግሞ ዝርዝሩ ያንቺ ነው።

የእኔ ሐሳብ ምን እንደሆነ ጠይቀሻልና በግልጽ ልበል። ሐኪሞችሽ ጨረር የሚያስፈልግሽ አይመስለንም ካሉ፣ ስኳርና ሲጋራ ከሌለብሽ፣ ሁለተኛውን ኦፕራሲዮንና የዓመታቱን ክትትል ከቻልሽው፣ ኢምፕላንቱን መጀመርሽን እደግፋለሁ። ደብዳቤሽ ውስጥ ፍላጎትሽ በግልጽ ተጽፏል፣ ያፈርሽበት ስለሆነ ብቻ ነው ጥያቄ የሆነው። ጨረር አይቀርም ካሉ ወይም ገና አናውቅም ካሉ ግን አልቸኩልም። እኔ ብሆን ጡቱን አስነስቼ፣ ሕክምናዬን ጨርሼ፣ ገላዬ ከተጠገነ በኋላ በረጋ መንፈስ ብወስን ይሻለኛል። አንዳንድ ሐኪሞች መሃል መንገድ አላቸው፤ ቆዳውን ለማቆየት ኤክስፓንደሩን አስገብተው ውጤቱ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ይህ ላንቺ ይሆን እንደሆነ ጠይቂ። ቆይቶ ማሠራት ቆዳው ስለሚቀንስ ሥራውን ትንሽ ያከብደዋል፣ ያ እውነት ነው፣ ግን በሩ አይዘጋም።

ሰኞ ጠዋት ለፕላስቲክ ሰርጀኗ ቢሮ ደውዪና ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንድ ሌላ ቀጠሮ ከአስተርጓሚ ጋር እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ከፈለግሽም መብትሽ ነው፣ ማንም አይቆጣሽም። ባልሽን ይዘሽ ሂጂ። ልጅሽ ትምህርት ቤት ትሁን። ጥያቄዎችሽን በአማርኛ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፣ ከላይ ያለው «ጨረር» የሚለው ይሁን፣ መልሱን እስክታገኚ ድረስ ወደ ሁለተኛው አትለፊ። መልሱን ስትሰሚ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ ከዚያ ተነስተን እንነጋገራለን።